ጾም፣ ረኃብና ስኳር፦ በላስታ ሰው ጥርስ ላይ የተጻፈ ታሪክ

በፋኩልቲው ሕዝባዊ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ



የታሪክ መምህር ስለ ጥርስ ምን አገባው ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። እኔ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ ሕክምናው የምናገረው ሁሉ ከባለሙያዎቹ የተማርሁት ነው። ነገር ግን የላስታንና በጠቅላላው የሰሜኑን ደጋ ማኅበራዊ ታሪክ ስናጠና ሁለት ቃላት ደጋግመው ይገጥሙናል፤ ጾምና ረኃብ። ሁለቱም ከመብል መራቅን ያመለክታሉ፤ ሁለቱም በዚያ ምድር ረጅም ዕድሜ አላቸው። አንዱ ሰው በፈቃዱ የሚገባበት ሥርዓት ሲሆን ሌላው ሳይጠራ የሚመጣ መዓት ነው። ስለ ሕዝቡ ጤና ስንነጋገር ግን ሁለቱን አንድ አድርገን የመመልከት ልማድ አለን። አንዳንዱ የገበሬው ሰውነት የደከመውና ጥርሱ የረገፈው በጾም ብዛት ነው ይላል። ሌላው ደግሞ የአባቶቻችንን ጥርስ ያነጣውና ያጠነከረው ጾሙ ነው ብሎ ይሟገታል።

ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ከሁለቱም ይለያል። ጾም በራሱ በጥርስ ላይ የሚተወው ምልክት እጅግ ጥቂት ነው። በላስታ ሰው ጥርስ ላይ በጉልህ የተጻፉት በልጅነት የደረሰ ረኃብና በቅርብ ዘመን የገባ ስኳር ናቸው። ይህን ለይተን ካላየን ታሪካችንንም ሕክምናችንንም እናዛባለን።

የጾሙ ሥርዓት

መነሻችን ሥርዓቱ ይሁን። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት አጽዋማት አሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ጾመ ሐዋርያት ከጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ እስከ ሐምሌ 5 ስለሚደርስ ርዝመቱ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ፍልሰታ በነሐሴ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ያህል ይጾማል፤ ጾመ ነነዌ ሦስት ቀን ነው፤ ገሃድም አለ። ከበዓለ ሃምሳና ከተወሰኑ በዓላት በቀር ዓመቱን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ሁሉም ሲደመር ወደ 250 ቀን ይጠጋል፤ ይህን ሁሉ የሚፈጽሙት በአብዛኛው ካህናትና መነኮሳት ሲሆኑ ምእመናን የሚጾሙት ወደ 180 ቀን ገደማ ነው።

በ13ኛው ምዕተ ዓመት በግብጽ በዓረብኛ ተጠናቅሮ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት 15ኛውን አንቀጽ ለጾም ሰጥቶታል። ሥርዓቱን ለጥርስ ታሪክ ስንል ብንተነትነው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የሰዓት ነው፤ እስከ ስድስት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከእህልና ከውኃ መከልከል። ሁለተኛው የመብል ነው፤ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቍላል መራቅ። ሥርዓቱ የማያስገድዳቸውም አሉ፤ ሕፃናት፣ ሕመምተኞች፣ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች። በልማድ ልጅ ጾምን የሚጀምረው ሰባት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ይህች ሰባት ዓመት በኋላ ትልቅ ቁም ነገር ስላላት በአእምሯችሁ ያዙልኝ።

የጾሙ ጥብቀት ለውጭ ሰውም የሚደንቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በጽሑፍ ለአውሮፓ ያስተዋወቀ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1540 በሊዝበን በታተመው መጽሐፉ ስለ ሕንጻዎቹ ብቻ ሳይሆን ስለ ሕዝቡ የጾም ጽናትም በሰፊው ጽፏል። ስለዚህ ቢያንስ ለአምስት መቶ ዓመታት ጾም የዚህ ደጋ ሕዝብ የኑሮ አጥንት እንደ ነበረ በጽሑፍ ማስረጃ መናገር እንችላለን።

የጾሙ ገበታና አፍ

ታዲያ በጾሙ ቀን ሰው ምን ይበላ ነበር? ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከበላይዋ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይነሣል። ይህ የገብስ፣ የስንዴ፣ የባቄላ፣ የአተር፣ የምስርና የተልባ አገር ነው። የጾሙ ገበታም ከዚሁ የተሠራ ነው፤ ሽሮው፣ ክኩ፣ ንፍሮው፣ ቆሎው፣ በሶው፣ የተልባውና የሱፉ ፍትፍት፣ ሰናፍጩ፣ በክረምትም ጎመኑ። በዚህ ገበታ ላይ የማናየውን ነገር ልብ በሉ። ጣፋጭ የለበትም። ማር በአገሩ ነበረ፤ የንጉሥ ላሊበላ ስም ራሱ ከንብ ጋር የተሳሰረ ትርጓሜ አለው። ነገር ግን ማር ውድ ነበር፤ ለግብር የሚሰፈር፣ ለጠጅ የሚጠመቅ እንጂ ልጅ በየሰዓቱ የሚልሰው አልነበረም።

አሁን ወደ አፍ እንግባ። ጥርስን የሚያቦረቡሩት በጥርስ ላይ የሚለጠፉ ባክቴሪያዎች የሚያመርቱት አሲድ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ስቴፈን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እንዳሳየው ሰው ስኳር በቀመሰ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በጥርሱ ላይ ያለው ስስ ሽፋን አሲዳማ ይሆናል። መለኪያው ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ የጥርሱ ጠንካራ ልባስ፣ ኢናሜል የምንለው፣ ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል። ምራቅ አሲዱን አለዝቦ ነገሩን ወደ ቦታው ለመመለስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። እንግዲህ ለጥርስ ወሳኙ በቀን ስንት ጊዜ አፍ በጣፋጭ ይነካካል የሚለው ነው፤ የጣፋጩ መጠን ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። በስዊድን ቪፔሆልም በተባለ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ የተካሄደው ጥናት ይህንኑ አረጋግጧል፤ በምግብ መካከል የሚበላ የሚጣበቅ ከረሜላ ጥርስን ክፉኛ አበላሸ። ያ ጥናት ፈቃዳቸውን መስጠት በማይችሉ የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ በመሆኑ ዛሬ በውጤቱ እየተጠቀሱም በአደራረጉ የሚወገዙ ሥራዎች ምሳሌ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ያለ ጣፋጭ፣ የሚበላ ጿሚ ጥርሱን ያሳርፈዋል እንጂ አይጎዳውም። ቆሎ ማኘክም ምራቅን ያመነጫል። እርግጥ ጾሙ የራሱ ወጪ አለው። እህልና ውኃ ካልተቀመሰ ምራቅ ይቀንሳል፤ አፍ ይደርቃል፤ ምላስ ይነጣል፤ ሽታውም ይለወጣል። ይህ ግን ሲፈስክ ወይም ውኃ ሲጎነጭ የሚያልፍ ነገር ነው። ስለ ወተት የሚነሣው ጥያቄም ተገቢ ነው፤ ወተትና አይብ ኢናሜልን የሚጠቅሙ ማዕድናት አሏቸውና። ነገር ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የበቀለ ጥርስ ቀዳሚ ጠባቂው ምራቁ ነው፤ ለተወሰኑ ሳምንታት ከወተት መራቅ የአዋቂን ጥርስ አያፈርስም።

የድሮውን ጥርስ በእርግጥ የጎዳው ሌላ ነገር ነው፤ ወፍጮው። በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨ ዱቄት የድንጋይ ብናኝ ይዞ ይመጣል፤ ብናኙም ከዓመት ዓመት ጥርስን ይሞርዳል። በጥንታዊ ግብጻውያን አስከሬን ላይ የታየው የተሞረደ ጥርስ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ በሽማግሌ አፍ ውስጥ ያጠረና ጠፍጣፋ ጥርስ ስናይ ከጾሙ በፊት ወፍጮውን እናስታውስ።

ማጽጃውስ? ከክትክታ፣ ከልምጭና ከወይራ የሚቆረጠው መፋቂያ ለዚህ ሕዝብ የጥርስ ብሩሽ ነው። ውኃም ሳሙናም አይፈልግም፤ ስለዚህ በጾም ሰዓት የሚያሳስብ ነገር የለበትም ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። በወሎ ለዘመናት አብረው በኖሩት ሙስሊሞች ዘንድም በረመዳን ሲዋክ መጠቀም ሊቃውንቱ በዝርዝር የተነጋገሩበት ጉዳይ ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ጾምን ሲደነግጉ የአፍን ንጽሕና እንዳልዘነጉት ከዚህ እንረዳለን።

ንጣት ስንል

ብዙ ሰው የጥርስን ጤና የሚለካው በንጣቱ ነው። «ጥርሷ ወተት ይመስላል» እንላለን፤ ጾሙ ከገበታ የሚያነሣውን ወተት ለውበት መለኪያ አድርገነዋል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ንጣትና ጤና አንድ አይደሉም። ኢናሜል ብርሃን አሳላፊ ነው፤ ከሥሩ ያለው ዴንቲን ወደ ቢጫ ያደላል፤ ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ ጥርስ ትንሽ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ከዕድሜ ጋር ኢናሜሉ ሲሳሳ ቢጫነቱ ይጨምራል። ጾም ይህን ቀለም የሚለውጥበት መንገድ የለውም።

የሰሜኑ ደጋ ሴቶች ግን ንጣትን የሚያጎሉበት ዘዴ ነበራቸው፤ የድድ ንቅሳት። ጥላሸት በሾህ ወይም በመርፌ ድድ ላይ ይነቀሳል፤ ድዱ ጠቁሮ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ጥርሱ ይበልጥ የነጣ ይመስላል። የዓይን ማነጻጸር ነው እንጂ ጥርሱ አልተለወጠም። ልማዱ አሁን በከተሞች እየጠፋ ነው። ለመርፌው ንጽሕና ካለው ስጋት በተጨማሪ አንድ ሌላ መዘዝ አለው፤ የድድ በሽታ ቀዳሚ ምልክት መቅላት ስለሆነ የተነቀሰ ድድ ምልክቱን ይሸፍናል።

የቀለም ታሪክ ከቡናም ጋር ይያያዛል። በሰሜኑ ክርስቲያን ሕዝብ ዘንድ ቡና ለረጅም ዘመን የሚሸሽ መጠጥ ነበር፤ በሰፊው የተለመደው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ስለዚህ ቡና በጥርስ ላይ የሚያሳርፈው ጥቁረት በላስታ ካህናት ጥርስ ላይ አዲስ ነገር ነው ማለት ይቻላል። የአልቫሬዝ ዘመን ጿሚና የዛሬው ጿሚ አንድ ሥርዓት ቢጠብቁም በጾም ቀን የሚጠጡት አንድ አይደለም።

ንጣትን ከጾም ጋር የማያይዝ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ከስምጥ ሸለቆ እናገኛለን። በወንጂና በመተሐራ አካባቢ ያደጉ ብዙ ሰዎች ቡናማ ጥርስ አላቸው። ምክንያቱ የጉድጓድ ውኃው የፍሎራይድ ብዛት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራምን ወሰን አድርጎ ሲያስቀምጥ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ በእጅጉ ይበልጣሉ። የሰሜኑ ደጋ የምንጭ ውኃ ግን በአብዛኛው ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ጾም ጾመው፣ አንዱ በላስታ ሌላው በወንጂ ቢያድጉ፣ የጥርሳቸው ቀለም ይለያያል። ለዩነቱን ያመጣው የልጅነት ውኃቸው ነው።

ረኃብ የጻፈው መስመር

ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። ኢናሜል የሚሠራው ጥርሱ ከድድ ከመውጣቱ በፊት ነው። ከአእምሮ ጥርስ በቀር የቋሚ ጥርሶቻችን አናት ተሠርቶ የሚያልቀው ሰባት፣ ስምንት ዓመት ሲሞላን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጁ በጽኑ ቢራብ ወይም በኩፍኝና በመሰለው ትኩሳት ቢጠቃ ኢናሜሉን የሚሠሩት ሕዋሳት ሥራቸውን ያጓድላሉ። ጥርሱ ሲወጣ በላዩ አግድም መስመር ወይም ስርጉድ ይታያል። ኢናሜል ዳግመኛ ስለማይሠራ ያ መስመር ሰውየው እስኪሞት ድረስ፣ ከሞተም በኋላ፣ እዚያው ይኖራል።

አሁን ያስያዝኋችሁን ሰባት ዓመት አምጡት። በልማዱ ልጅ ጾም የሚጀምረው ኢናሜሉ ተሠርቶ በሚያበቃበት ዕድሜ ገደማ ነው። በፍልሰታ ሕፃናት እስከ ቀትር ይጾማሉ፤ ያ ግን የጥቂት ሰዓታትና የሁለት ሳምንት ነገር ነው። እናት በእርግዝናዋና በአራስነቷ እንድትጾም ሥርዓቱ አያስገድዳትም። ሥርዓቱን ያወጡ ሊቃውንት ስለ ኢናሜል የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ሆኖም የሚያድግ ሰውነት ይታዘንለት ማለታቸው ጥርስንም ጠብቋል።

ረኃብ እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1887 ከውጭ የገባው የከብት ደስታ በሽታ በሬውን ጨርሶ ያስከተለው ክፉ ቀን ለዓመታት ዘለቀ። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ የንጉሡን መንግሥት እስከ መጣል ደረሰ። በ1977 ዓ.ም. በቆረም የታየው ሥቃይ ዓለምን አስደነገጠ። በእነዚህ ዓመታት ከሰባት ዓመት በታች የነበረ የላስታ ልጅ፣ በሕይወት ከተረፈ፣ ዘመኑን በጥርሱ ይዞ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያሉ ጥርሶች በእኔ ትውልድ ሰዎች አፍ ውስጥ አሉ። መስመሩን ብቻ አይተን ግን ይህ ረኃብ ነው ብለን መደምደም አንችልም፤ ሕመምም ያመጣዋልና። የሰውየውን የልደት ዘመን፣ የቤተሰቡን ትውስታና የአካባቢውን ታሪክ አንድ ላይ ማንበብ ይገባል። ይህ ደግሞ የእኛ የታሪክ ሰዎች ሥራ ነው።

ጾምና ረኃብን መለየት የቃል ጨዋታ ያልሆነውም ለዚህ ነው። በረኃብ የተጻፈን ጉዳት ለጾም ስንሰጥ እህል በጊዜው ያላደረሰውን አስተዳደር፣ የመሬቱን ሥሪት፣ የመንገዱን እጦት ከተጠያቂነት እናወጣለን፤ ጥፋቱንም በሟቹ እምነት ላይ እንጭናለን።

ስኳር የገባበት በር

የመጨረሻው ጸሐፊ ስኳር ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዱ ኩባንያ በኤች ቪ ኤ አማካይነት በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። ከዚያ በፊት ስኳር በአገሩ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ከውጭ ይገባ ነበር። ወደ ደጋው ገበሬ ቤት በሰፊው የደረሰው ግን ከአገር ውስጡ ምርትና ከመንገዱ ጋር እየተከተለ ነው፤ ላሊበላም ለረጅም ጊዜ ክረምት ከበጋ የሚያደርስ መንገድ ስላልነበራት ዘግይታ ቀመሰችው። በወሎ ገጠር ቡናን በጨው መጠጣት የታወቀ ልማድ ነው፤ ጨው በስኳር ሲተካ ለምላስ ትንሽ፣ ለጥርስ ግን ትልቅ ለውጥ ሆነ።

ስኳር በጾሙ ሥርዓት ውስጥ ያለ ከልካይ ገባ። ሥርዓቱ የሚከለክለው ከእንስሳት የሚገኘውን ነው፤ ስኳር ከአገዳ ነው፤ ስለዚህ የጾም ነው። ሻይ፣ ከረሜላ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ «የጾም» ተብሎ የሚሸጥ ብስኩትና ኬክ ሁሉ በዚሁ በር አለፉ። ሽማግሌው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮውን በልቶ፣ ውኃውን ጠጥቶ፣ ጥርሱን ፍቆ ይተኛ ነበር። የዛሬው ተማሪ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾሙን በሻይ ይከፍታል፤ ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊት ሻይ፣ ለስላሳና ብስኩት ይፈራረቁበታል፤ አንዳንዱም ሳያጸዳ ይተኛል። ቀኑን ሙሉ ያረፈው ጥርስ በምሽቱ ስድስት ሰባት ጊዜ በአሲድ ይመታል፤ ሌሊት ደግሞ ምራቅ ይቀንሳል። ይህ ጥርስ ሲቦረቦር ጾም ጎዳኝ ማለት ትክክል አይደለም። የጎዳው ጾሙ የሚፈታበት መንገድ ነው።

ስለ ቀጣዩ ሥራ

ንግግሬን በሦስት ሐሳቦች ላብቃ። አንደኛው ለሚጾሙ ተማሪዎች ነው። ስኳሩን ከምግቡ ጋር አንድ ላይ ጨርሱት፤ ምሽቱን ሁሉ አትበትኑት። ከመተኛታችሁ በፊት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና አጽዱ። መፋቂያ የምትጠቀሙም ከፊት ጥርስ አልፋችሁ የመንጋጋውን አትርሱ። ለመቍረብ የምትዘጋጁና ብሩሹ የሚያሳስባችሁ ካላችሁ ጉዳዩ የንስሐ አባታችሁ ነው፤ ማታ በሚገባ ያጸዳ ሰው ግን ጠዋት ስጋቱ ይቀልለታል።

ሁለተኛው ለጥናታችን ነው። ስኳር ከመስፋፋቱ በፊት የነበረውን የጾም ገበታ የሚያስታውሱ አረጋውያን ጥቂት ቀርተዋል። ሻይ ወደ መንደሩ መቼ ገባ? መጀመሪያ የጠጣው ማን ነበር? ካህናቱስ ምን አሉ? የመጀመሪያው ልጅ በጥርስ ሕመም ወደ ጤና ጣቢያ የተወሰደው መቼ ነው? ይህን በቃል ታሪክ የሚመዘግብ ተማሪ ከሕክምና ባልደረቦቻችን ጋር ቢሠራ ለሁለቱም የትምህርት ዘርፎች ይጠቅማል።

ሦስተኛው ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ከላሊበላ በስተ ሰሜን ባለው በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ የብዙ ሰዎች አፅም እንዳለ ትውፊቱ መንፈሳውያን ተጓዦች ናቸው እንደሚላቸው ታውቃላችሁ። በጥርስ ላይ የሚደርቀው ቅሪት ሰው የበላውን እህል ሊያሳይ እንደሚችል ሳይንሱ ስለደረሰበት እነዚያን ጥርሶች ለመመርመር የሚጓጓ ተመራማሪ መምጣቱ አይቀርም። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። እነዚያ ሰዎች ለምርምር አልመጡም፤ ለጸሎት መጥተው እዚያው አረፉ። ያለ ቤተ ክርስቲያኒቱና ያለ አካባቢው ሕዝብ ፈቃድ አንዲት ጥርስ መነካት የለባትም። እስከዚያው ድረስ መልስ ሊሰጡን የሚችሉ ሕያዋን አሉልን፤ ከእነርሱ እንጀምር።